ሚኒሞው ሲወርድ ካቻቢቴውን ወዲያ አስቀምጡት

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል እየወረድኩ ነበር። ሦስት ሰው ጭኛለሁ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ፍሬን ረገጥኩ፤ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ማርሽ ቀነስኩ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩና ዳር ይዤ አቆምኳት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። ተሳፋሪዎቹ ግን ከዚያ በኋላ በእግራቸው ነው የወረዱት።

የዚያ ቀን ጉዳይ የተጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። ላዳዬ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይሰጣት ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ፣ መንቀጥቀጥ ጀምራ ነበር። ሜክሲኮ መብራት ላይ ስቆም ሞተሩ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ መሪው እጄ ላይ ይንዘፈዘፋል፣ ከዚያ ይጠፋል። ከኋላ ክላክስ ይጮህብኛል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፈኑን ከፈተ፣ ካቻቢቴ አወጣ፣ ካርቡሬተሩ (አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለው ዕቃ) ላይ ያለችውን ብሎን አዞረ። ሞተሩ ከፍ አለ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከፍዬ ወጣሁ።

ለካ ከሞተሩ ወደ ፍሬን ሰርቮው (ፍሬን ስንረግጥ ጉልበት የሚጨምርልን ዕቃ) የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ነበር። ሞተሩ በስንጥቁ አየር ስለሚስብ ነው ሚኒሞው የወረደው። በብሎኗ ዙሩ ከፍ ሲል ምልክቱ ጠፋ፤ ስንጥቁ ግን እየሰፋ ሄደ። ቁልቁለቱ ላይ ጨርሶ ተቀደደ። ሚኒሞው ሁለት ወር ሙሉ ሲነግረኝ የነበረውን ነገር እኛ ነን ዝም ያሰኘነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለኝ። የሚኒሞ ብሎን የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። እዚህ የምጽፈው በቅደም ተከተል የማደርገውን ነው። የእኔ መኪና ላዳ 2107 ናት፣ 1.5 ሊትር፣ ባለ ካርቡሬተር። ዲኤክስ ኮሮላ ያላችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል። ስለ ኢንጀክሽን ሞተር (ካርቡሬተር የሌለው፣ ነዳጁን በኮምፒዩተር የሚረጨው) ወደ መጨረሻው ጥቂት እላለሁ።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። ሚኒሞ ላይ እግራችሁ የቤንዚን ፔዳሉ ላይ የለም። የካርቡሬተሩ ክዳን ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። የሚገባው አየርም ነዳጅም በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትነዱ ምንም የማይመስል ትንሽ የአየር ሌባ (ያለ መንገዱ አየር የሚገባበት ቀዳዳ)፣ ሚኒሞ ላይ ድብልቁን ያበላሸዋል። «ስነዳት ደህና ናት፣ ስትቆም ነው የምትንቀጠቀጠው» የሚል ሰው ካጋጠመኝ መጀመሪያ የማስበው አየር ነው። ላዳ ላይ መጽሐፉ የሚለው ሚኒሞ ከ850 እስከ 900 ዙር በደቂቃ አካባቢ ነው። 2107 ዳሽቦርዱ ላይ የዙር መለኪያ ስላላት ማየት ይቻላል። ከ600 በታች ከወረደ ጤነኛ ሞተርም ቢሆን ይንቀጠቀጣል።

ኮፈን ከመክፈታችሁ በፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ መኪናዋን ጠይቋት። እኔ ይህን የማደርገው ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ፣ ከዚያም ሲሞቅ ነው። ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ቾኩን (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን የሚያጠብበውን ክዳን) እዩ። ሲሞቅ ብቻ የምትብስ ከሆነና ጭስዋ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶባታል፤ ቾኩ ሳይከፈት ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የፊት መብራትና የማሞቂያውን ፋን ስታበሩ ክፉኛ የምትወርድ ከሆነ ባትሪውን፣ ዲናሞውን፣ ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄደውን የመሬት ሽቦ መርምሩ። ፍሬን ስትረግጡ ሚኒሞው የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ወደ ሰርቮው ሂዱ።

የሰርቮ ፍተሻ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ መሣሪያም አይጠይቅም። ሞተሩን አጥፉ። ፔዳሉ እስኪደርቅ አምስት ስድስት ጊዜ ርገጡ። እግራችሁን ሳታነሱ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ ወረድ ማለት አለበት። ካልወረደ ሰርቮው ቫክዩም (የሞተሩን የመሳብ ኃይል) አያገኝም ማለት ነው። እንዲህ ያለች መኪና መንገድ ላይ አትወጣም። እባካችሁ።

ቀጥሎ ወደ ጭስ ማውጫው ሂዱ። አንድ ወረቀት ከማርሚታው ጫፍ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ። ጤነኛ ሞተር ወረቀቱን እኩል እኩል ይገፋዋል። ምቱ በየመሀሉ የሚዘል ከሆነ፣ ያውም በተመሳሳይ ጊዜ ልዩነት፣ አንድ ሲሊንደር አይሠራም። ወረቀቱ አልፎ አልፎ ወደ ውስጥ የሚሳብ ከሆነ የተቃጠለ ቫልቭ ጠርጥሩ። መዝለሉ ቅደም ተከተል የሌለው፣ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን ወደ አየርና ወደ ነዳጅ ያደላል።

አሁን ኮፈኑን ክፈቱ። ደጅ ላይ ይሁን፤ ዝግ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሞተር ጭሱ ይገድላል። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ረጅም እጅጌ ከቀበቶውና ከፋኑ ይራቅ። ሲጋራ አይታሰብም። ማርሽ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ።

የአየር ፊልትሮውን አውጡና እዩት። ጠጠር መንገድ ላይ የምትሠራ መኪና ፊልትሮዋ ከምታስቡት በፊት ይደፈናል። ይህ ቀላል ስለሆነ ብዙ አላወራበትም።

ቱቦዎቹ ላይ ግን ጊዜ ስጡ። ገንዘብ የሚድነው እዚህ ነው። በእኔ መኪና ላይ ከመግቢያው ማኒፎልድ (ድብልቁን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ብረት) እና ከካርቡሬተሩ የሚነሱት ጥቂት ናቸው። ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደው ወፍራሙ አለ። ወደ ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው) የሚሄድ ቀጭን አለ። ከሞተሩ ሆድ የዘይት ትንፋሽ የሚያወጣው አለ። 2107 ላይ ደግሞ ሰዎች የሚረሱት አንድ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ የነዳጅ ቁጠባ የሚያሳየው መለኪያ የቫክዩም መለኪያ ነው፤ ቀጭን ቱቦው ሞተሩና ሹፌሩ መሀል ያለውን ግድግዳ አልፎ ይገባል። እሱ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ቢወልቅ ኮፈን ሥር መቼም አታገኙትም። አንድ ጓደኛዬ ካርቡሬተር ለውጦ፣ ካንዴላ (ሲሊንደር ውስጥ እሳት የሚሰጠውን) ለውጦ፣ በመጨረሻ ያቺ ቱቦ ናት የተገኘችው።

ዓይን ብቻ አይበቃም። ቱቦ ከላይ ደህና መስሎ ከታች፣ በተለይ የብረት ማሰሪያው አጠገብ፣ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። በእጃችሁ አጥፉት፣ አዙሩት። ከዚያ ሞተሩን አስነሱና ፒንሳ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ቆንጠጥ አድርጉ። ስትቆነጥጡት ሞተሩ ከተስተካከለ ሌባውን ያዛችሁት። ያቺ ቱቦ ወይም ከጫፏ ያለው ዕቃ ነው።

ሁሉንም ቆንጥጣችሁ ምንም ካልተለወጠ የውሃ መርጫ ጠርሙስ አምጡ፣ ፀጉር ቤት የሚጠቀሙበትን ዓይነት። ቀጭን አድርጋችሁ ካርቡሬተሩ ከማኒፎልዱ ጋር የሚገናኝበት ላይ እርጩ። ከዚያ ማኒፎልዱ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ራስ) ጋር የሚገናኝበት ላይ። አየር የሚስብ ቦታ ካለ ውሃው ለቅጽበት ይደፍነዋል፣ ድምፁም ይለወጣል። ዲስትሪቢዩተሩና የካንዴላ ገመዶቹ ላይ እንዳይደርስ ተጠንቀቁ፣ አለበለዚያ ሌላ ችግር ትፈጥራላችሁ። በቤንዚን የራሰ ጨርቅ እየነካኩ የሚፈትሹ ባለሙያዎች አይቻለሁ። ዘዴው ይሠራል፤ ነገር ግን ትኩስ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ነው። ውሃ ይበቃል።

ላዳ ላይ ካርቡሬተሩ ሥር ሙቀት የሚከላከል ወፍራም ጥቁር ማረፊያ አለ። የካርቡሬተሩ ብሎኖች ያለ ልክ ሲጠብቁ የካርቡሬተሩ እግር ይጎብጣል፣ ከዚያ በየትኛውም ጋስኬት አይዘጋም። «ላልቷል» ብሎ በሙሉ ጉልበት ማጥበቅ ችግሩን ያባብሳል። ብሎኖቹን ተራ በተራ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ሞተሩ በረድ ሲል አጥብቁ።

የሰርቮ ቱቦ የምትገዙ ከሆነ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የፍሬን ሰርቮ ቱቦ ብላችሁ ጠይቁ። ውስጡ የተጠናከረ ነው። የውሃ ቱቦ በልኩ ቆርጠው ሊሰጧችሁ ይችላሉ፤ አትቀበሉ። ቫክዩም ሲስበው ይጣበቃል። በቱቦውና በሰርቮው መካከል ያለችውን ቫልቭም ነቅላችሁ በአፋችሁ ንፉባት። አየር በአንድ በኩል ብቻ ማለፍ አለበት።

አየር ካልሆነ ወደ ሲሊንደሮቹ። አራቱም እየሠሩ እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፉ። አንዱን የካንዴላ ገመድ ንቀሉ፣ ትርፍ ካንዴላ ጫፉ ላይ ሰኩበትና የሞተሩ ብረት ላይ አስተኙት፣ ከካርቡሬተሩ ራቅ አድርጋችሁ። ከዚያ አስነሱና ስሙ። ሞተሩ ይበልጥ ከታመመ ያ ሲሊንደር ሲሠራ ነበር። ምንም ካልተለወጠ ችግሩ ያለበት እሱ ነው። አጥፉ፣ መልሱ፣ ወደሚቀጥለው። ሞተሩ እየሠራ ገመድ በእጅ መንቀል የለመዱ አሉ፤ እናንተ አታድርጉት።

ደካማውን ስታገኙ ዕቃ ለመግዛት አትሩጡ። ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር ቀያይሩ። ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላው ነው። ካልሄደ ገመዱን ቀያይሩ። ያም ካልሆነ ችግሩ ከውስጥ ነው፣ ቫልቭ ወይም ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት)። ያለ ምንም ወጪ የምታገኙት መልስ ነው።

ካንዴላዎቹን ስትነቅሉ ፊታቸውን አንብቡ። ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። እንደ ጥላሸት ደረቅ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል። ዘይት የተቀባ ከሆነ ከውስጥ ዘይት እየወጣ ነው። ነጭ ከሆነ አየር በዝቷል፤ አንዱ ብቻ ነጭ ከሆነ የአየር ሌባው በዚያ ሲሊንደር በኩል ይፈለግ። ኮንታክት ፖይንት (ዲስትሪቢዩተር ውስጥ እየተከፈተ እየተዘጋ እሳት የሚያስነሳ) ያላት ላዳ ላይ የካንዴላው ክፍተት ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው። የኮንታክት ፖይንቱ ክፍተት ደግሞ ከ0.35 እስከ 0.45። ፊቱ ከተቆፈረና ከጠቆረ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት መጥረግ ለሳምንት ያህል ይረዳል፣ ነገር ግን ለውጡት። ክፍተቱ ሲቀየር የእሳቱ ጊዜም ስለሚቀየር እሱንም አስተካክሉ።

ለገመዶቹ የምወደው ፍተሻ ማታ የሚደረግ ነው። ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ክፈቱ፣ ሞተሩ ይሥራ፣ የመንገድ መብራት ካለ ዞር በሉ። ያረጀ ገመድ ካለ ሰማያዊ ብልጭታ ሲዘል ታያላችሁ። ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት ብቻ የምትንቀጠቀጥ መኪና ብዙ ጊዜ በሽታዋ ይሄ ነው። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳንም ውስጡን እዩ፤ እንደ ፀጉር ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ ተሰንጥቋል።

ነዳጅ ላይ አንድ ግልጽ ምልክት አለ። እግራችሁን ከቤንዚን ላይ ስታነሱ ወዲያው የምትጠፋ ከሆነ፣ ስትሰጧት ግን ደህና የምትሄድ ከሆነ፣ የሚኒሞው መንገድ ተደፍኗል። የእኔ ካርቡሬተር ላይ አንድ ሽቦ ያላት ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ አለች። ጫፏ ላይ ቀዳዳዋ በጣም የጠበበ ነሐስ ይገኛል፣ የሚኒሞ ቤንዚን በእሷ ነው የሚያልፈው። ቁልፉን ከፍታችሁ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ፣ ሽቦዋን ነቅላችሁ መልሳችሁ ንኩ። «ቀጭ» ካለች ትሠራለች። ዝም ካለች ኤሌክትሪክ አልደረሳትም ወይም ሞታለች። ነሐሷን አውጥታችሁ በአየር ንፉ። ሽቦ ወይም መርፌ በፍጹም አታስገቡባት። ቀዳዳዋ በጥቂቱ ከሰፋ ከዚያ በኋላ መኪናዋ ነዳጅ ጠጪ ሆና ትቀራለች። ቤንዚን በጄሪካን ገዝታችሁ ከሞላችሁ በኋላ የጀመረ ችግር ከሆነ ደግሞ የነዳጅ ፊልትሮውን አውጥታችሁ ነጭ ዕቃ ላይ ገልብጡት። ውሃ ካለ ከሥር ይለያል፣ ታዩታላችሁ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ የቫልቮቹን ክፍተት አስለኩ። ላዳ ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፣ የመግቢያውም የመውጫውም። ሹፌር ሁሉ የሚፈራው የሚንኳኳ ቫልቭ ነው። እኔ የምፈራው ዝም ያለውን ነው። የላላ ቫልቭ ድምፅ ያሰማል፤ የጠበቀው ግን በደንብ ሳይዘጋ ድምፁን አጥፍቶ ይቃጠላል። መጀመሪያ የሚታወቀውም ሚኒሞ ላይ ነው።

ኮምፕሬሽን የምታስለኩ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለዝቅተኛ ቦታ ነው። እዚህ ለክታችሁ ቁጥሩ ዝቅ ሲል «ሞተርህ አልቋል» የሚላችሁ ሰው ሊኖር ይችላል። አትደንግጡ። ዋናው አራቱ እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ነው፤ በትልቁና በትንሹ መካከል ከአንድ ባር በላይ ልዩነት ከሌለ ደህና ነው። የቫክዩም መለኪያም እንዲሁ ነው። በባሕር ጠለል ከ17 እስከ 22 ኢንች (የሜርኩሪ) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ሰባት ስምንት ያህል ዝቅ ይላል። ቁጥሩን ትታችሁ መርፌውን እዩ፤ ረግቶ ከቆመ ጥሩ፣ በየመሀሉ ከዘለለ ቫልቭ።

ኢንጀክሽን ላላቸው ባጭሩ። የ1990ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ኮሮላ ላይም የቱቦውና የካንዴላው ነገር ያው ነው። የሚለየው አየር የሚገባበት አፍ ውስጥ ጥላሸት መጠራቀሙና የሚኒሞ አየር የሚቆጣጠረው ቫልቭ መቆሸሹ ነው። ሁለቱም በካርቡሬተር ማጽጃ ይጸዳሉ። እነዚያ መኪኖች ኮፈን ሥር መመርመሪያ የሚል ትንሽ ሳጥን አላቸው። ክዳኑ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ እያያችሁ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኙ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን አታስነሱ። የቼክ ኢንጅን መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ቁጠሩ። ሳያቋርጥ እኩል ከመታ የተመዘገበ ችግር የለም። ሁለት መትቶ፣ አረፍ ብሎ፣ ሁለት ከመታ 22 ነው፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰር። እሱ ሲበላሽ ኮምፒዩተሩ ሞተሩ ቀዝቅዟል ብሎ ነዳጅ ሊያበዛ ይችላል።

ሌላው ቀርቶ ሞተሩ ራሱ ደህና ሆኖ ቦዲው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የሞተር ጎሚኒውን (ሞተሩ የሚያርፍበትን ጎማ) እዩ። ዙሩ 850 ላይ ረግቶ መሪው የሚንዘፈዘፍ ከሆነ ጥፋቱ የጎሚኒው ነው።

አሁን ካቻቢቴውን ማንሳት ይቻላል። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ ይከፈት፣ መብራት ሁሉ ይጥፋ። ካርቡሬተሩ ላይ ሁለት ብሎኖች አሉ፤ ትልቋ ዙሩን፣ ትንሿ የአየርና የነዳጁን ድብልቅ ትቆጣጠራለች። ከመንካታችሁ በፊት እያንዳንዷን ከሥር እስክትነካ ድረስ በቀስታ አስገቡና ስንት ዙር እንደሄደች ቁጠሩ። ጻፉት። መልሳችሁ ወደነበረችበት አውጡ። ከዚያ በትልቋ 900 አካባቢ አድርሱት። ትንሿን በሩብ ዙር ወዲህ ወዲያ እያላችሁ ሞተሩ ከሁሉ በላይ ፈጥኖ የሚሽከረከርበትን ቦታ ፈልጉ። ትልቋን መልሳችሁ ወደ 900 አውርዱ። በመጨረሻ ትንሿን ሞተሩ ትንሽ ዝቅ እስኪል ወደ ውስጥ አስገቡና እዚያ ተዉት። ድምፁ እኩል መሆን አለበት። እኔ አንድ ብርጭቆ ውሃ አየር ፊልትሮው ክዳን ላይ አስቀምጬ አያለሁ። ውሃው ቢርገበገብ ችግር የለም፣ እንዳይዘል ነው።

ይህ ማስተካከያ ለአዲስ አበባ ነው። አንድ ጊዜ ለሠርግ ድሬዳዋ ስሄድ አዋሽ ላይ ሻይ ልጠጣ ቆምኩ። ቦታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት አዲስ አበባ ላይ እንደ ሰዓት የምትመታው ላዳ ሚኒሞ ላይ ዙሯ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ቱቦዎቹን ቆነጠጥኩ፣ ደህና ናቸው። የሰርቮውን ፍተሻ ሠራሁ፣ ደህና ነው። አየሩ ስለወፈረ ድብልቁ ነዳጅ አንሶት ቀጥኖ ነበር። ትንሿን ብሎን ሩብ ዙር ወደ ውጭ አወጣኋት፣ ረጋች። በደብተሬ ላይ «አዋሽ፣ ሩብ ወደ ውጭ» ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ፣ አዳማን አልፌ ዳገቱን ከጨረስኩ በኋላ፣ ወደ ቦታዋ መለስኳት።